አምስት ጣዕምና ያልወጣ ብርድ

የእህቴ ባል ጓን ዩሹ ተቀምጦ ሲበላ ያየሁት በሰርጉ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀንም ሁለት አጎቶቼ ግራና ቀኝ ትከሻውን ይዘው ስለተጫኑት ነው እንጂ ወዶ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ እኛ ከሥሩ እሳት በሚሞቀው መደብ ላይ እግራችንን አጣጥፈን፣ ትንሿን ገበታ ከበን የበቆሎ ገንፎና ኮምጣጣ ጎመን ስንበላ፣ እሱ ሳህኑን ይዞ በር ላይ ይቆማል። አንድ ጊዜ ይጎርሳል፣ ተራራውን ያያል። ሌላ ይጎርሳል፣ ሰማዩን ያያል። ሦስተኛውን ሳይውጥ ጫማውን መፈለግ ይጀምራል። ተራራው እንደሆነ የትም አይሄድም፤ ይህን ስንት ጊዜ እንደነገርኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

እህቴ ሱቺን ደግሞ ሌላ ፍጥረት ናት። ለክረምት የሚቀመጠውን ጎመን ስታጥብ ቅጠል በቅጠል ነው። ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ከባልዲው ጋር ግማሽ ቀን ትቆያለች። ሰዎች እነዚህ ሁለቱ እንዴት ተጋቡ ብለው ሲጠይቁኝ፣ እሱ ቸኩሎ፣ እሷ እምቢ ለማለት ዘግይታ ነው እላለሁ። እሷም ሰምታ ስቃለች፤ ከሰማች ከሁለት ቀን በኋላ ነው እንጂ።

ዩሹ ያልቸኮለበት ነገር የለም። ስድስት ዓመት አፈር ውስጥ መቆየት ያለበትን ጂንሰንግ የሚባል የመድኃኒት ሥር በአራተኛው ዓመት ነቅሎ የአይጥ ጅራት የሚያክል ነገር ይዞ መጣ። ቤት ሲሠራ ጭቃው ሳይደርቅ ጣሪያ ጫነበት፤ ግድግዳው ዛሬም ወደ ጎረቤቱ ወደ ሉዋን ግቢ ዘመም ብሎ ይታያል። ከሁሉ የባሰው ግን የአምስት ጣዕሙ ጉዳይ ነው።

አምስት ጣዕም በተራራችን ዛፎች ላይ ተጠምጥሞ የሚወጣ ሐረግ ነው፤ ፍሬው ቀይ ነው፣ እንደ ወይን ዘለላ ሠርቶ ይንጠለጠላል። ዩሹ አንድ ዓመት ችግኙን ጓሮው ውስጥ ተከለ፣ እንጨት አቆመለት፣ ሽቦ ወጠረለት። በሁለተኛው ጸደይ አበባ አጣበት። ሐረጉ የሚያፈራው በሦስተኛው ዓመት መሆኑን በመንደራችን የማያውቅ የለም፤ ዩሹም ያውቃል። ግን በየቀኑ ማለዳ እየወጣ ያየዋል፣ ባዶ ነው። ያየዋል፣ ባዶ ነው። አንድ ቀን ነቃቅሎ በአጥሩ ላይ ለሉዋን ወረወረለት። ሉዋን አንስቶ ተከለው፤ በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ግቢው ከዳር እስከ ዳር ቀላ። ዩሹ ያን ወር በሙሉ የሉዋንን አጥር ላለማየት በኋላ መንገድ ዞሮ ነበር ወደ ተራራ የሚወጣው። ሉዋን ደግ ሰው ነው፣ ቅርጫት ሙሉ ላከለት። ዩሹ ቅርጫቱን ለሱቺን ሰጣትና እሱ አንዲት ፍሬ እንኳ አልቀመሰም።

እኔ ዴሊን እባላለሁ። ከመንደሩ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ርቃ ባለችው ትንሽ ከተማ የመድኃኒት ዕፅ መደብር አለኝ። ግድግዳውን የሞላው ባለ ብዙ መሳቢያ ቁም ሣጥን የአባቴ ነበር። ከተራራ የሚመጣውን እገዛለሁ፣ እለቅማለሁ፣ አደርቃለሁ፣ በኮምጣጤ አርሼ በእንፋሎት አበስላለሁ። አምስት ጣዕምን ያህል በእጄ ያለፈ የለም። ልጣጩ ይኮመጥጣል፣ ሥጋው ይጣፍጣል፣ ውስጡ ያለውን ዘር ስትሰብረው ይመርና ያቃጥላል፣ ሁሉም አንድ ላይ ጨው ጨው ይላል። አምስቱን ጣዕም ስለያዘ ለአምስቱም የውስጥ አካል ይደርሳል እንላለን፤ ለሳንባ፣ ለልብ፣ ለጉበት፣ ለኩላሊት፣ ለጣፊያ። የቆየ ሳልን ያስታግሳል፤ ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብን ይይዛል፤ ልቡ ድው ድው እያለ እንቅልፍ ያጣውን ያስተኛል። እንጨት ቆራጮቻችን እፍኝ ሙሉ እያኘኩ ቀኑን ሙሉ ሲወጡ ሲወርዱ ጉልበታቸው አይከዳቸውም። ይህን የምለው ስለምሸጠው አይደለም። ሙት ያስነሳል እያሉ ገበያ ላይ የሚጮኹትን እኔም አልወድም። ግን ለተንቀዠቀዠ ልብ የተሰጠ ፍሬ ቢኖር እሱ ነው።

እንግዲህ ጉዱን እዩት። ዩሹ አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ፍሬ ሲለቅም፣ ሲያኝክ፣ ሲሸከም የኖረ ሰው ነው።

"ይኸ ፍሬ ያረጋጋል ትላላችሁ" አለችኝ ሱቺን አንድ ቀን፣ በመስኮት ወደ ግቢው እያየች። ዩሹ ውጪ ላይ ትናንት የፈለጠውን እንጨት እንደገና ይከምራል። "እስቲ ወንድሜ፣ ይኼን ሰውዬ ተመልከተው።"

"ባያኝክማ ምን ይሆን እንደነበር አስቢው እትዬ" አልኳት።

አሰበችውና ራሷን ነቀነቀች።

ነገሩ የሆነው ሱቺን አርባ ስምንት ዓመት በሞላት በመኸር ነው። ለቃሚዎቻችን ነጭ ጤዛ የምንለው ቀን ሳይገባ ተራራ አይወጡም። ከዚያ በፊት የተለቀመ ፍሬ ግማሹ አረንጓዴ ነው፤ ሲደርቅ ጠቁሮ ይቀራል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ዩሹ ግን የሩቁን ሸንተረር ሌላ ሰው ይቀድመኛል ብሎ በየዓመቱ ሦስት አራት ቀን ይቀድማል። የዚያን ዓመትም ቀድሞ ሄደና አንድ ጆንያ አረንጓዴ ጉድ ተሸክሞልኝ መጣ። እኔም ተናደድኩ። ደንበኛ ባለበት፣ "ጋሼ ዩሹ፣ ይኼ መድኃኒት ነው የዶሮ ቀለብ?" አልኩት። ጆንያውን አንስቶ ሄደ። ቂም የሚይዝ ሰው አይደለም። ቂም የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ነጭ ጤዛ ሲገባ ሱቺንን ይዟት ወጣ። ከፍ ያለውን ቅርንጫፍ እሱ በሜንጦ ጎትቶ ሲይዝ የምትለቅምለት ሰው ያስፈልገዋል። ቀትር ላይ ዝናብ መጣ። ሌሎቹ ለቃሚዎች ወረዱ። "ይቺን አንድ ዛፍ ብቻ" አላት። ከዚያች በኋላ ሌላ ዛፍ ነበረች፣ ከዚያች በኋላም እንዲሁ። ሱቺን ሲመሽ ቤት የገባችው ውሃ ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ ነው። በማግስቱ ጀርባዋን ብርድ ብርድ አላት፣ አስነጠሳት፣ ሳል ጀመራት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዩሹ መደብሬ በር ላይ ደረሰ። አንድ እግሩ ደጅ ነው፣ አንድ እግሩ ውስጥ። ወደ መንደር የሚመለስ የበቅሎ ጋሪ ውጪ ቆሟል።

"ዴሊን፣ ያን አሮጌውን አምስት ጣዕም ስጠኝ፤ ያን ላዩ ላይ ነጭ ነጭ ዱቄት ያወጣውን።"

"ለምንህ?"

"ሱቺን ታስላለች። ቶሎ በል፣ ጋሪው ሊሄድ ነው።"

አሁን አስተውሉ። ማንኛውም የዕፅ ሻጭ፣ ትናንት ሥራ የጀመረ እንኳ፣ አምስት ጣዕም ለሳል ሲሰጥ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ብርድ ብርድ ይላታል? ትኩሳት አላት? ላቧ ይወጣል ወይስ ደርቋል? ገና ትኩስ የሆነ ጉንፋን ከሆነ አይሰጥም። ፍሬው ሰብሳቢ ነው። ላብንም፣ ሳልንም፣ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ያስቀራል። ብርዱ ከሰውነት ሳይወጣ ከተጠጣ ብርዱንም ውስጥ ይዞት ይቀራል። አባቴ ይህን ያስተማረኝ መሳቢያዎቹን ለመድረስ በርጩማ ላይ በምቆምበት ዕድሜዬ ነው።

ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ነበር። ዩሹ በጥፍሩ የባንኮኒውን ጣውላ ቋ ቋ ቋ ያደርጋል። ጓዳ ውስጥ ምጣድ ላይ የጣድኩት ፍሬ ሊያርርብኝ ነው፣ ኮምጣጤው ይሸተኛል። ያ አረንጓዴ ጆንያም ገና ከሆዴ አልወጣም። ይሂድልኝ፣ ከፊቴ ዞር ይበል ብቻ ነው ያልኩት በልቤ። መሳቢያውን ስቤ ሁለት እፍኝ ወረቀት ላይ ገለበጥኩለት፣ ጠቀለልኩት፣ ሰጠሁት።

"በል ሂድ፣ ጋሪህ እንዳያመልጥህ" አልኩት።

አፌን ዘግቼ ሸኘሁት። ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፣ አውቄ ነው። ይህን ለማንም ሳልናገር ብዙ ቆየሁ።

ዩሹ ፍሬውን እንደ ወጥ አወፍሮ አፈላው፣ ማር ጨመረበት፣ በቀን ሦስት ጊዜ አጠጣት። በሁለተኛው ቀን ሳሉ ጸጥ አለ። ላቧም ቆመ። ዩሹ በደስታ መሬት አልበቃችውም። ሳህኑን እንደያዘ ሉዋን አጥር ድረስ ሄዶ፣ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐረጉን ፊት ለፊት እያየ፣ "ትናንትና ስታስል ሰማህ? ዛሬስ ትሰማለህ?" አለው።

"እሰይ፣ ደስ ይላል" አለ ሉዋን። "ግን ፊቷ ለምን ቀላ?"

"ሙቀት ነው። ደም ነው። እየዳነች ነው።"

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ ተነሣ። ደረቷ ጠበባት፤ ስትጋደም ትንፋሽ ያጥራታል፣ ስትቀመጥ ጎኗን ይወጋታል። ሉዋን ራሱ ሮጦ መጥቶ ነገረኝ። ሽማግሌውን ሐኪም ጂን ከቤታቸው አንስቼ በጋሪ ይዣቸው ስደርስ ሱቺን መደቡ ላይ ብርድ ልብስ ተደግፋ ተቀምጣለች፣ ከንፈሯ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። እኔን ስታይ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ሐኪም ጂ ሦስት ጣታቸውን የእጇ የደም ሥር ላይ አሳረፉ። ግራዋን፣ ከዚያ ቀኟን። ምላሷን አዩ። ዩሹ ከኋላቸው ከምድጃው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ምድጃው ይመላለሳል።

"ምን ጠጣች?" አሉ።

"አምስት ጣዕም፣ ሐኪም። በማር። የመጨረሻውን ምርጥ፣ የቆየውን። በቀን ሦስቴ፣ ወፍራም አድርጌ።" እንደ ጎበዝ ተማሪ ነበር የመለሰላቸው።

"መቼ ጀመረች?"

"ባስነጠሳት በሦስተኛው ቀን።"

ሐኪሙ እጇን በቀስታ መደቡ ላይ መለሱት። "ላብና ሳል እኮ ብርዱን እያስወጡት ነበር" አሉ። "አንተ ሁለቱንም አስቆምክበት። አሁን የት ይሂድ?"

ዩሹ መመላለሱን ተወ።

"ይኼን ማነው የሸጠልህ? ሳይጠይቅ የሰጠ ሰው ማነው?" አሉ ሐኪም ጂ።

ምድጃው ላይ ያለውን ማንቆርቆሪያ አየሁት። ክዳኑ ትንሽ ተሰንጥቋል፤ ዛሬም ብትጠይቁኝ ስንጥቁን ሥዬ አሳያችኋለሁ።

"ማንም አልሸጠልኝም" አለ ዩሹ። "ቤት ውስጥ የነበረ ነው።"

እኔም ዝም አልኩ።

"ይኼ ከእኔ ሻይ በላይ ነው" አሉ ሐኪሙ እየተነሡ። "አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷት። ነገ እንዳትሉ።"

የሉዋን ትራክተር ተሳቢ ላይ ሁለት ፍራሽ ደርበን ጫንናት። በመንገዱ ሁሉ ዩሹ ከተሳቢው እየዘለለ ይወርዳል፣ ጎን ለጎን ይሮጣል፣ ተመልሶ ይወጣል። ቢሮጥ ትራክተሩ አይፈጥን። "ጋሼ፣ እባክህ ተቀመጥ" አልኩት። የሰማኝ አልመሰለኝም።

ሆስፒታል ውስጥ የሳንባ ምች ነው አሉን፤ ሳንባዋን የሸፈነው ስስ ሽፋን ውሃ ቋጥሯል። በመርፌ ቀዱላት። አሥራ ስድስት ቀን ተኛች፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቀናት እንዴት እንዳለፍናቸው አልነግራችሁም። ወጣቱን ዶክተር ለብቻው አግኝቼ፣ ፍሬው ነው እንዲህ ያደረጋት ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "ላይሆንም ይችላል" አለኝ። "እንዲህ ያለ ጉንፋን ምንም ሳይጠጣም ወደ ሳንባ ይወርዳል። ሳሉ ጠፋ ብላችሁ ሁለት ቀን መቆየታችሁ ግን አልጠቀማትም።" ይህ ሊያሳርፈኝ ይገባ ነበር። ላይሆንም ይችላል ማለት ሊሆንም ይችላል ማለት ነው፤ እሱን ይዤ ነው የከረምኩት።

ዩሹ በኮሪደሩ ተመላለሰ። ነርሷ፣ "አባት፣ ወለሉን ጨረሱት እኮ፤ ወንበር የተሠራው ለምን ይመስልዎታል?" አለችው። ተቀመጠ። ወዲያው ተነሣ። ፊቱ ከቀን ወደ ቀን እየጠበበ ሄደ። አንድም ቀን ግን ቀና ብሎ አላየኝም፣ አንድም ቀን ያን ወረቀት አላነሣብኝም። ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

ቤት ስትመለስ ትኩሳቱ ለቋታል፣ ሰውነቷ ግን ልብስ የተሰቀለበት እንጨት መስሏል። ሌሊት ላብ ያጠምቃታል። እንቅልፍ የላትም። ዝም ብላ በተቀመጠችበት ልቧ ይዘልባታል። ይህ እንግዲህ አምስት ጣዕም የተፈጠረለት ሕመም ነው፤ ዩሹም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሐኪም ጂ መጥተው አዩዋት።

"አሁን ፍሬው ይጠቅማታል" አሉ። "ግን ዛሬ አይደለም። ሳንባዋ ገና ነው። ሃያ ቀን ትኩሳት የሌለበት፣ ማስነጠስ የሌለበት፣ ጉሮሮ የማይከረክርበት፣ ንጹሕ ቀን ቁጠር። ከዚያ በኋላ ትጠጣለች። ከሃያው አንዱ ከተበላሸ እንደገና ከአንድ ትጀምራለህ።"

"ሃያ" አለ ዩሹ። እንዲህ ዓይነት ቁጥር መኖሩን ያን ቀን የሰማ ይመስል ነበር።

በበሩ ላይ በጠመኔ መቁጠር ጀመረ፤ ሁላችንም እንደምንቆጥረው፣ አምስት ጭረት ያላትን ፊደል በየቀኑ አንድ ጭረት እየጨመረ። አራት ፊደል ሲሞላ ሃያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ መከራ ሆነ። ፍሬውን አንድ በአንድ ለቀመ፤ በማግስቱ የለቀመውን መልሶ ለቀመ። የከርሞን ማገዶ ፈለጠ። ጨርሶ የሉዋንን ማገዶ ፈለጠ። በቀን አሥር ጊዜ ግንባሯን ይነካል።

"አንተ ሰውዬ" አለችው ሱቺን፣ እኔ ባለሁበት። "ግንባሬ እኮ በአንተ እጅ ነው የሚሞቀው።"

"ልብሽ ዛሬስ?"

"የአንተን ኮቴ ስሰማ አብሮህ ይራመዳል። ውጣልኝ እስቲ፣ ሂድና የሉዋንን እንጨት ፍለጥ።"

"ጨርሼዋለሁ።"

በአሥራ ሦስተኛው ቀን መደብሬ መጣ። ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ልብሷን መቀየሯን ነገረኝ። "ትንሽ ባቀምሳትስ? ቀጭን አድርጌ። አንድ ማንኪያ።"

"ጠብቅ" አልኩት።

"ለአንተ ቀላል ነው። አጠገብህ የሚያልበው ሰው የለም።"

ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር። በምትኩ፣ "ጠብቅ አልኩህ እኮ፣ ሰው አይሰማህም እንዴ?" ብዬ ጮኽኩበት። ራሱን ነቅንቆ ወጣ። የፈለጠው እንጨት መዳፉን በሙሉ ውሃ አስቋጥሮት ነበር።

አሥራ ዘጠነኛው ቀን ላይ የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ጣለ። መደብሩን ከፍቼ ገና ምድጃውን ሳላነድ ዩሹ ገባ። ሁለቱም እግሩ ውስጥ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ድረስ በረዶ ሆኗል። ነገ ሃያ ስለሚሞላ ማር ፈልጎ የመጣ መስሎኝ እጄን ወደ ማሰሮው ሰደድኩ።

"አስነጠሳት" አለ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። "ስንቴ?"

"ሁለቴ። ሊነጋጋ ሲል።"

"ፍሬውስ?" ለነገ ብሎ ካሁኑ እንደሚዘፈዝፈው አውቀዋለሁ።

"ከትናንት ወዲያ ነበር የዘፈዘፍኩት። ደፋሁት።"

"የት?"

"አሳማው ገንዳ ውስጥ።" በረዶውን ከጫማው አራገፈ። "አሁን ተኝቷል።"

ልስቅ ፈልጌ አልቻልኩም። "ጭረቱስ?" አልኩት።

የኮቱን እጅጌ አሳየኝ። ክንዱ ድረስ በእርጥብ ጠመኔ ነጭ ሆኗል። "ከአንድ እንጀምራለን" አለ። ድምፁ የተለመደው ድምፁ ነው፣ ዓይኑ ግን ቀልቷል።

ከዚያ ወዲያ መያዝ አልቻልኩም። "ጋሼ" አልኩት። "ያን ቀን ልጠይቅህ ይገባኝ ነበር። ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ብርድ ይላታል ወይ፣ ብዬ። አውቅ ነበር። በአረንጓዴው ጆንያ ተናድጄብህ ነው ዝም ያልኩት። እህቴ ናት፣ አንተ ላይ ተናድጄ እህቴን…"

ዩሹ ባንኮኒውን ይመለከት ነበር። "አይቼሃለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"አፍህን ስትከፍት አይቼሃለሁ። ስትዘጋውም አይቻለሁ። ጋሪው ሊሄድብኝ ነበር፤ ስለዘጋኸው ደስ አለኝ።" ጥፍሩን ባንኮኒው ላይ አኖረው፣ ግን አላንኳኳም። "በል አሁን ጠይቀኝ።"

"ምን?"

"ያን ቀን ያልጠየቅከኝን። አሁን ጠይቀኝ።"

ጠየቅኩት። ብርድ ብርድ ይላታል? ጀርባዋን ትንሽ። ትኩሳት? የለም፣ ሦስት ጊዜ ነክቻታለሁ። ጉሮሮዋስ? አልከረከራትም። ላብ? ዛሬ ጠዋት ደረቅ ናት። የምትጠጣው ውሃ ትኩስ ነው ወይስ ቀዝቃዛ የሚያምራት?

"አላውቅም" አለ።

"ግድ የለም፣ ይኼ ባይታወቅም ዝንጅብልና ላብ የሚያወጣውን ቅጠል መስጠት እችላለሁ…"

"አይ" አለ። "ሄጄ ልጠይቃት።"

በዚያን ጊዜ በመንደሩ ያለው ስልክ አንድ ነው፣ እሱም ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ተቆልፎበታል። ቢሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢመለስ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ያውም ደረቅ መንገድ ሲሆን ነው። ልከለክለው ብዬ ተውኩት። ወጣ። ጠዋቱን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም። ደንበኛ ሲገባ ሌላ መሳቢያ እየከፈትኩ ሁለት ሰው ይቅርታ ጠየቅኩ። በር ላይ ወጥቼ መንገዱን አያለሁ፣ እገባለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ።

ከቀትር በኋላ ተመለሰ። "ትኩስ ነው" አለ ገና በሩ ላይ። "ቀዝቃዛውን አሳየኋት፣ ፊቷን አዞረች። ደግሞ ዴሊን ይኼን ለመጠየቅ ነው የላከህ? አለችኝ። አዎ አልኳት። እሺ፣ እንኳን ጠየቀ አለች።"

ዝንጅብሉንና ቅጠሉን መዝኜ ጠቀለልኩ፣ ሰጠሁት። በደረቱ በኩል ኮቱ ውስጥ ከተተው። ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ቆመ።

"ሌላ የምትጠይቀኝ የለም?" አለኝ።

አየሁት። ጉንጩ ገብቷል፣ ከዓይኑ ሥር ጠቁሯል። "አለ" አልኩት። "አንተ ከመቼ ጀምሮ ነው ያልተኛኸው?"

አሰበ። "ከተራራ ከወረድን ጀምሮ።"

"ብርድ ብርድ ይልሃል?"

"አይለኝም።"

"ትኩሳት? ሳል? ማስነጠስ?"

"ምንም የለብኝም።"

"ልብህስ?"

መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። "ይሮጣል" አለ።

መሳቢያውን ሳብኩ። ያ ነጭ ነጭ ያወጣው አሮጌ ፍሬ ገና አለ። "ይኼ ለአንተ ይሆናል" አልኩት። "ዛሬውኑ መጠጣት ትችላለህ፣ የሚከለክልህ ነገር የለም። አንድ እፍኝ ልስጥህ።"

ፍሬውን አየው። የፈለገው መሆኑን ፊቱ ላይ አይቻለሁ። ከዚያ መሳቢያውን ራሱ በእጁ ገፍቶ ዘጋው።

"እሷ በምትጠጣበት ቀን አብሬያት እጠጣለሁ" አለና በበረዶው ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ እንደገና ከአንድ ጀመሩ፤ አንድ ጊዜ ጉሮሮዋ ከርክሯት፣ አንድ ጊዜ ትንሽ አተኩሷት። ሁለቱንም ጊዜ ዩሹ መጥቶ ነገረኝ፣ እኔም ጠየቅኩት፣ እሱም መለሰ። አራቱ ፊደላት የሞሉት በበረዶው መካከል የሚውለው አዲስ ዓመታችን ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው። እሷ አንድ ስኒ፣ እሱ አንድ ስኒ ጠጡ።